ስሟ ከአጽሞቿ የቀደመው ጸሎት ቤት

በደቡብ ግሪንላንድ፣ ካሲያርሱክ በምትባል ትንሽ የበግ አርቢዎች መንደር፣ በ1961 የተማሪዎች ማደሪያ ለመሥራት መሠረት ሲቆፈር የሰው ራስ ቅል ወጣ። (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ቆመና የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ባለሙያዎች ተጠሩ። ዮርገን ሜልጎርድና ክኑድ ክሮግ የመሩት ቁፋሮ እስከ 1965 ቀጠለ። በመጨረሻ የተገኘው አንድ ሙሉ የመቃብር ቦታና በመካከሉ የአንዲት እጅግ ትንሽ ጸሎት ቤት የግድግዳ አሻራ ነበር። የውስጧ ስፋት 2 ሜትር፣ ርዝመቷ 3.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ካህኑና ሃያ ምእመናን ቢገቡባት ለመንበርከክ ቦታ አይኖራቸውም።

ቦታዋ ቁፋሮው ሳያልቅ ስም አግኝታለች፤ የቲዮድሂልድ ቤተ ክርስቲያን ተብላለች። ቲዮድሂልድ የግሪንላንድን የኖርስ (የጥንት ስካንዲናቪያውያን) ሰፈራ የመሠረተው የኤሪክ ቀዩ ሚስት ናት። የአስጎብኚ መጻሕፍት ጸሎት ቤቷን «በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን» እያሉ ይጠሯታል። ይህ አጠራር ሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን በአንድ ጆንያ ይከታል። ማን አሠራት? መቼ ተሠራች? ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነበረች? ለእያንዳንዱ የሚቀርበው ማስረጃ ከየተለየ ቦታ ይመጣል፤ ክብደቱም አንድ አይደለም። ላለፉት ስድሳ ዓመታት ብዙ ቀለም የፈሰሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። ከሦስቱ መልስ የማግኘት ተስፋው የመነመነው ግን እርሱ ነው።

ሁለቱ ሳጋዎች

የክርክሩ መነሻ አፈር ሳይሆን ብራና ነው። አይስላንዳውያን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጻፏቸው የስድ ንባብ ተረኮች ሳጋ ይባላሉ። ስለ ግሪንላንድ የሚናገሩት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ «የኤሪክ ቀዩ ሳጋ» እና «የግሪንላንዳውያን ሳጋ»። ሰፈራው በ985 ወይም በ986 መጀመሩ ብዙ አያከራክርም። የአይስላንድ ቀዳሚ ታሪክ ጸሐፊ አሪ ቶርጊልሶን፣ ክርስትና በአይስላንድ በሕግ ከመታወጁ 14 ወይም 15 ክረምት በፊት መሆኑን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጽፏል። ከ25 መርከቦች 14ቱ ብቻ እንደ ደረሱም ይተረካል።

ሳጋዎቹ የሚለያዩት በሃይማኖቱ ነው። የኤሪክ ቀዩ ሳጋ እንደሚለው የኤሪክ ልጅ ሌይፍ ኖርዌይ ሄዶ በንጉሥ ኦላፍ ትሪግቫሶን እጅ ክርስትናን ተቀበለ፤ ንጉሡም ወንጌልን እንዲሰብክ ወደ ግሪንላንድ መልሶ ላከው። እናቱ ቲዮድሂልድ ወዲያው አመነች፣ አባቱ ግን አሻፈረኝ አለ። እርሷም ከመኖሪያ ቤቶቹ እጅግ ባልቀረበ ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ካመኑት ጋር በዚያ ትጸልይ ጀመር፤ ከባሏም መኝታ ለየች። ኤሪክን ከሁሉ ይልቅ ያበሳጨው ይህ የኋለኛው ነው ይላል ተረኩ። ትዳርንና እምነትን እንዲህ ያጋጨ ታሪክ አንባቢ አይረሳውም፤ ምናልባትም የተጻፈው እንዳይረሳ ነው።

የግሪንላንዳውያን ሳጋ ደግሞ ስለዚህች ቤተ ክርስቲያን አንድም ቃል የለውም። ኤሪክ ክርስትና ከመምጣቱ በፊት መሞቱን ብቻ ይናገራል። አይስላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮን ዮሃንሰን በ1950ዎቹ ባቀረበው ትችት፣ ሌይፍ የንጉሥ ኦላፍ መልእክተኛ ነበር የሚለው ታሪክ ጥንታዊ ትውፊት አይደለም ብሏል። በእርሱ አስተያየት ምንጩ በ1200 ገደማ የንጉሡን ገድል የጻፈው መነኩሴ ጉንላውግ ሌይፍሶን ነው። ለዚህ ማስረጃ ያደረገውም የቀደሙት ምንጮች ኦላፍ ክርስቲያን ያደረጋቸውን አገሮች ሲዘረዝሩ ግሪንላንድን አለማካተታቸውን ነው። ይህ ትችት ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት አለው።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ልዩነት አለ። የሌይፍ ተልእኮ ፈጠራ ቢሆን እንኳ የቲዮድሂልድ ቤተ ክርስቲያን የግድ ፈጠራ አትሆንም። ሳጋው ቤተ ክርስቲያኗን በስም ይጠራታል፤ በጸሐፊው ዘመን ወይም ከዚያ በፊት በዚያ ስም የታወቀች ቦታ ልትኖር ትችላለች። ነገሩ በተቃራኒውም ሊሄድ ይችላል፤ ስሙ መጀመሪያ ነበረ፣ የባልና ሚስቱ ጠብ ደግሞ ስሙን ለማብራራት ኋላ ተፈጠረ። የሳጋው ጥንታዊ ቅጂ የሚገኝበት ሃውክስቦክ የተባለው ጥራዝ የ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው። ከተተረከው ዘመን ሦስት መቶ ዓመት ይርቃል።

ከመሬት የወጣው

ካሲያርሱክ የጥንቱ ብራታሊድ፣ ማለትም የኤሪክ ርስት መሆኑን አብዛኞቹ ይቀበላሉ። ዴንማርካዊው ፖውል ኖርሉንድ በ1932 እዚያው ቆፍሮ የመኖሪያ ቤቶችን፣ በረቶችንና በ1300 ገደማ የተሠራ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መሠረት አግኝቶ ነበር። ትንሿ ጸሎት ቤት ከዚያ ቅጥር ወጣ ብላ ስለምትገኝና በላይዋ የቆመ ድንጋይ ስላልነበረ ማንም አላያትም።

የግድግዳዋ ሥራ ቀላልና ለአገሩ የሚስማማ ነው። ሣሩ ከነሥሩና ከነአፈሩ በጡብ መልክ እየተቆረጠ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ፣ ወፍራም ግድግዳ ሆኗል። በአይስላንድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሰዎች እንዲህ ባሉ ቤቶች ይኖሩ ነበር። የአፈር ግድግዳው ሦስቱን ጎን ሲከብብ የምዕራቡ ፊት በእንጨት የተዘጋ ይመስላል፤ በሩም በዚያ ነበር። እንጨቱ በስብሶ አልቋል። የጣሪያው ከፍታ፣ የመስኮት መኖርና አለመኖር፣ የመንበሩ ቅርጽ፣ ደወል መሰቀሉ ከአፈሩ ሊነበቡ አይችሉም።

መቃብሮቹ ግን ብዙ ይናገራሉ። በመጀመሪያው ቆጠራ የ144 ሰዎች አጽም ተለይቷል፤ 65ቱ ወንዶች፣ 39ኙ ሴቶች፣ 24ቱ ልጆች ሲሆኑ የቀሩት ጾታቸው ያልታወቀ ጎልማሶች ናቸው። አብዛኞቹ ራሳቸው ወደ ምዕራብ፣ እግራቸው ወደ ምሥራቅ ሆኖ በክርስቲያን ሥርዓት ተቀብረዋል። አንዱ ወንድ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ቢላዋ እንደ ተሰካ ተገኝቷል። ከጸሎት ቤቷ በስተደቡብ ደግሞ የ12 ወንዶችና የአንድ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ አጥንት በአንድ ጉድጓድ ተከማችቶ ወጥቷል።

«እጅግ ያልቀረበ» ስንት ሜትር ነው?

ይህችን ፍርስራሽ ሳጋው ከሚጠራት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ የሚያደርጉት ሦስት ነገር ያስቀድማሉ። ቦታው ብራታሊድ ነው። ሕንፃዋ ከድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ትቀድማለች። ከዋናው የመኖሪያ ፍርስራሽም ጥቂት መቶ ሜትር ትርቃለች፤ ይህም ሳጋው «ከቤቶቹ እጅግ ያልቀረበ» ካለው ጋር ይገጥማል። ክሮግ ራሳቸው በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ምስል ለሰፊው አንባቢ አቅርበዋል።

የሦስተኛው ነጥብ ድክመት ግልጽ ነው። ርቀት ለመለካት ሁለት ጫፍ ያስፈልጋል፤ እዚህ ያለን አንድ ነው። በካሲያርሱክ ከአንድ በላይ የእርሻ ቤት ፍርስራሽ አለ፤ ከእነርሱ የኤሪክ መኖሪያ የትኛው እንደ ነበር አልተስማሙም። ዛሬ ከሚታዩት ፍርስራሾች ብዙዎቹ የኋለኛው ዘመን ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ቤት ከሥራቸው ወይም ከአጠገባቸው ሊሆን ይችላል። የተለየ ቤት እንደ መነሻ በተወሰደ ቁጥር «እጅግ ያልቀረበው» ቦታ አብሮ ይዞራል።

ሁለተኛው ነጥብም ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ኖርሉንድ በቆፈረው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሥር የቀደመ ሕንፃ አሻራ ነበር። ታዲያ በብራታሊድ ከ1300 በፊት ከአንድ በላይ ቤተ ክርስቲያን ከነበረ፣ ስሙ ለትንሿ የተሰጠው በሳጋው ገለጻ መሠረት ነው፤ ሳጋውን የሚያረጋግጠው ደግሞ የትንሿ መገኘት ነው ይባላል። አንዱ ምስክር ለሌላው እየማለ ሁለቱም ነጻ ይወጣሉ።

በእኔ ሚዛን ስሙን እንደ አድራሻ መጠቀም ጉዳት የለውም፤ ቦታውን ከሌሎች ለመለየት ይጠቅማል። ጉዳቱ ስሙ የዘመን መለኪያ ሲሆን ነው። ቲዮድሂልድ በ1000 ገደማ ከኖረች ሕንፃውም የ1000 ነው ተብሎ ሲጀመር፣ ኋላ የሚመጣው የቤተ ሙከራ ውጤት ሁሉ ወደዚያ ቁጥር እየተጎተተ ይነበባል።

ዕድሜዋ፦ የሚበላው ምግብ ያመጣው ጣጣ

የአጽሞቹ ዘመን የተለካው በካርቦን 14 ነው። ዘዴው ሕይወት ያለው ፍጥረት በሕይወቱ ሳለ የሰበሰበው ካርቦን 14 ከሞተ በኋላ ቀስ በቀስ የሚጠፋበትን ፍጥነት መለኪያ ያደርጋል። በግሪንላንድ ግን አንድ እንቅፋት አለ። በውቅያኖስ ጥልቀት የቆየ አሮጌ ካርቦን በዓሣና ሲል በተባለው የባሕር እንስሳ ሥጋ አድርጎ ወደ ሰው አጥንት ይገባል። ምግቡ ሁሉ ከባሕር የሆነ ሰው ከእውነተኛ ዘመኑ እስከ አራት መቶ ዓመት ገደማ የበለጠ አሮጌ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ግማሹን ከባሕር፣ ግማሹን ከወተትና ከበግ ያገኘ ደግሞ በሁለት መቶ ዓመት ይሳሳታል። አጠቃላይ ታሪኩ ከአምስት መቶ ዓመት ለማይበልጥ ማኅበረሰብ ይህ ጥቃቅን ስሕተት አይደለም።

ዬቴ አርነቦርግ፣ ኒልስ ሊነሩፕና ባልደረቦቻቸው በ1999 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መፍትሔ አበጀ። ከልዩ ልዩ የግሪንላንድ መቃብሮች በወሰዱት የ27 ሰዎች አጥንት ውስጥ የሌላኛውን ካርቦን፣ የካርቦን 13ን መጠን ለክተው እያንዳንዱ ሰው ከምግቡ ምን ያህሉን ከባሕር እንዳገኘ ገመቱ፤ ዘመኑንም በዚያ ልክ አረሙት። ጥናቱ ሁለት ነገር አሳየ። በሰፈራው መጀመሪያ የባሕር ምግብ ድርሻ 20 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በመጨረሻው ዘመን እስከ 80 ከመቶ ደርሷል። የትንሿ ጸሎት ቤት ሙታን ደግሞ ከከብትና ከበግ በሚኖሩት፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ወገን ይሰለፋሉ። መቃብሩ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 12ኛው ድረስ አገልግሏል የሚለው ግምት ዋናው መሠረት ይህ ነው።

እንግዲህ ጥንታዊነቷ ያለ ሳጋው እርዳታ ቆሟል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ዘዴው አንድን መቃብር በአሥር ዓመት ልዩነት ውስጥ ማስቀመጥ አይችልም። 990ንና 1030ን ለይቶ አያውቅም። «ሌይፍ ከመምጣቱ በፊት የተቀበሩ ክርስቲያኖች አሉ» የሚሉም፣ «የለም፣ ሁሉም ከእርሱ በኋላ ናቸው» የሚሉም ከዚያው የስሕተት ክልል ውስጥ የወደዱትን ቁጥር እየመረጡ ነው።

ከዘመኑ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነው። በመላው የኖርስ ግሪንላንድ እስከ ዛሬ አንድም የአረማዊ ሥርዓት መቃብር አልተገኘም። በአይስላንድ ፈረስና መሣሪያ አብሯቸው የተቀበሩ ሙታን በብዛት ወጥተዋል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ሰፋሪዎቹ ሲመጡ ግማሽ በግማሽ ክርስቲያን ነበሩ ይላሉ። የግሪንላንዳውያን ሳጋም በአንዱ መርከብ ከሄብሪዲስ ደሴቶች የመጣ ክርስቲያን እንደ ነበር ይናገራል። ሌሎች ደግሞ በዚያው በብራታሊድ የአረማውያኑ አምላክ የቶር መዶሻ የተቀረጸበት የሽመና ክብደት መውጣቱን ይጠቅሳሉ፤ አሮጌው አምልኮ ቢያንስ በጓዳ ነበር ለማለት። የመቃብር አለመገኘት ብቻውን የአረማውያን አለመኖር ማረጋገጫ አይሆንም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሞቱ ጥቂት ሰዎች በዚያ ሰፊ ምድር በቀላሉ ሳይታዩ ይቀራሉ።

ክቡ ቅጽር

የመቃብሩ ቦታ ክብ ወደ መሆን ያዘነበለ ነው። በግሪንላንድ ተመሳሳይ ትንንሽ ቤተ ክርስቲያኖች በክብ ቅጽር ተከበው ተገኝተዋል፤ ትልልቆቹና የኋለኞቹ ግን ባለ አራት ማዕዘን ቅጽር አላቸው። ክቡ ከየት መጣ?

ቀደምቱ መልስ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የሚል ነበር። በእነዚያ አገሮች ክብ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የታወቀ ነው፤ አይስላንድን ካቀኑት ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ እንደ መጡም የጽሑፍ ምንጮች ይናገራሉ። ኋላ የተደረገው የዘር ጥናት ሐሳቡን ያጠናከረ መስሎ ነበር፤ ከአይስላንድ መሥራች እናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከብሪታንያ ደሴቶች እንደ መጡ ስላሳየ።

ከ2000 ወዲህ በሰሜን አይስላንድ፣ በስካጋፊዮርድ አውራጃ የተደረጉ ቁፋሮዎች ግን ጉዳዩን አዙረውታል። ኬልዱዳሉርን በመሰሉ እርሻዎች ከብራታሊዷ ጋር የሚመሳሰሉ ትንንሽ ጸሎት ቤቶች በክብ ቅጽር ውስጥ ወጥተዋል። አይስላንዳውያን ግሪንላንድ የሌላት ዕድል አላቸው። ሄክላ የተባለው እሳተ ገሞራ በ1104 ሲፈነዳ የረጨው ነጣ ያለ አመድ በመሬቱ ላይ እንደ ሰሌዳ ተነጥፏል፤ ከሥሩ የተቆፈረ መቃብር ከዚያ ዓመት ይቀድማል፣ ሰንጥቆት የወረደ ደግሞ ይከተላል። በዚህ መለኪያ ክቡ ቅጽር በ11ኛው ክፍለ ዘመን በአይስላንድ የገበሬ ቤት ሁሉ ልማድ እንደ ነበር ታወቀ። የግሪንላንዱን ለማስረዳት ከአይስላንድ አልፎ መሄድ አያስፈልግም። አይስላንድ ራሷ ከየት ወሰደችው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ሆኖ ይቆያል፤ የአየርላንዱ ሐሳብ አልሞተም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተገፋ እንጂ።

በነገራችን ላይ ክብ ቤተ ክርስቲያንና ክብ ቅጽር እያየ ላደገ የእኛ አገር አንባቢ መመሳሰሉ ዝምድና ሊመስለው ይችላል። በሁለቱ መካከል ግንኙነት የለም። ሰው ያለ ገመድና ያለ ማዕዘን አጥር ሲያጥር በብዙ አገር የሚወጣለት ክብ ነው። ይህ ተራ እውነት የአየርላንዱን መላ ምት ለሚደግፉትም ማስታወሻ መሆን ነበረበት።

ወንዶች በደቡብ፣ ሴቶች በሰሜን

በመቃብሩ ውስጥ ወንዶች በብዛት በደቡብ፣ ሴቶች በሰሜን ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ወንድና ሴት በየወገናቸው መቆማቸውን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ እዚህ ልዩነቱ እስከ መቃብር መዝለቁ ነው አዲስ የሚሆነው። የኖርዌይ የጥንት ሕግ ይህንኑ ያዝዛል። የተከበሩትን ወደ ሕንፃው ያስጠጋል፣ ባሮችን ወደ አጥሩ ይገፋል። ችግሩ ሕጉ የተጻፈው ከእነዚህ መቃብሮች በኋላ መሆኑ ነው። ተመሳሳዩ አቀማመጥ በአይስላንድ የ11ኛው ክፍለ ዘመን መቃብሮችም ስለሚታይ፣ ሕጉ ቀድሞ የነበረ ልማድን ጻፈ ማለት ይቀላል።

የወንዶቹ ቁጥር መብለጥ ደግሞ ሦስት ማብራሪያ አለው። አንዱ፣ አዲስ ምድር ሲቀና አገልጋይና አዳኝ ሆነው የሚመጡ ወንዶች ይበዛሉ። ሁለተኛው፣ ጠንካራ አጥንት ያላቸው ሴቶች በ1960ዎቹ መለኪያ ወንድ ተብለው ተቆጥረዋል። ሦስተኛው፣ የጅምላ መቃብሩ ወንዶች ብቻቸውን ሚዛኑን ያጋድላሉ። ሦስቱም አብረው ሊሠሩ ይችላሉ። የልጆቹ ቁጥር ማነስም ጥርጣሬ ይጥላል፤ በዚያ ዘመን ከነበረው የሕፃናት ሞት ጋር አይመጣጠንም። የሕፃን አጥንት ቶሎ ይጠፋል፤ ወይም የተቀበሩበት ቦታ ሌላ ነበር።

ስለ ጅምላ መቃብሩ የተባለው ይበልጥ የተለያየ ነው። አጥንቶቹ ከየመገጣጠሚያቸው የተለያዩ ስለሆኑ ሥጋቸው የፈረሰው በሌላ ቦታ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። በባሕር ወይም በአደን ጉዞ ያለቁ ሰዎች ቆይተው ተገኝተው ወደ ተባረከ መሬት መጡ የሚሉ አሉ። በጠብ የተገደሉ ናቸው የሚሉም አሉ፤ የደም በቀል በሳጋዎቹ ዓለም የዕለት ወሬ ነበርና። ሦስተኛው ወገን ግራጋስ የተባለውን የአይስላንድ ሕግ ይጠቅሳል። ቤተ ክርስቲያን ከቦታዋ ስትዛወር የሙታኑ አጥንት አብሮ እንዲዛወር ሕጉ ያዝዛል፤ እንግዲህ እነዚህ ከቀደመ ቦታ የተነሡ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች ናቸው ማለት ነው። ክሮግ ኋላ በዴንማርክ የዬሊንግ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ሲቆፍሩ፣ ንጉሥ ሃራልድ አረማዊ አባቱን ጎርምን ከጉብታ መቃብሩ አውጥቶ በቤተ ክርስቲያን አሳረፈው የሚል ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበዋል። ሆኖም በካሲያርሱክ ይህ ሐሳብ አንድ ደንቃራ አለበት። ተዛውረው የመጡት የአንድ ማኅበር ሙታን ከሆኑ ሴቶቹ የት ሄዱ?

የአንድ ቤት ቤተ ክርስቲያን

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነበረች የሚለው፣ ከሁሉ ያነሰ ቢጠየቅም ከሁሉ የተሻለ የሚመለሰው እርሱ ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። 144 ሰዎች በ150 ዓመት ውስጥ ተቀበሩ ቢባል በዓመት አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። በጊዜው ከሺህ ሰው በዓመት 35 ያህል ይሞት ነበር ብለን ብንገምት፣ ይህን መቃብር የሚጠቀመው ማኅበር ከ25 እስከ 30 ሰው ነው። ዘመኑን ወደ አንድ መቶ ዓመት ብናሳጥረው ወደ 40 ይደርሳል። ጌታው፣ እመቤቲቱ፣ ልጆቻቸው፣ እረኞቻቸውና ባሪያዎቻቸው ማለት ነው፤ ምናልባትም አንድ ጎረቤት እርሻ ተጨምሮ። የሕንፃዋ ስፋትም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

አይስላንዳዊው ኦሪ ቬስታይንሶን የአገሩን የመጀመሪያ ክርስትና ያጠናው በዚህ ዓይን ነው። ከኤጲስ ቆጶስና ከአጥቢያ በፊት የባለርስቱ የግል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ባለቤቱ ይሠራታል፣ ቄሱንም እርሱ ይቀልባል፣ ሲፈልግም ይተዋታል። በአይስላንድ በ1097 አሥራት ሲደነገግ የቤተ ክርስቲያን ገቢ ሥርዓት ያዘ፤ በቀጣዮቹ ትውልዶች መቃብር በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖች ተሰበሰበ፤ በየጓሮው የነበሩት መቃብሮች ተዘጉ። ለግሪንላንድ የመጀመሪያው ነዋሪ ኤጲስ ቆጶስ አርናልድ በ1124 ሉንድ ላይ ተሾመ፤ መንበሩም ከብራታሊድ ማዶ በጋርዳር ሆነ።

የትንሿ ጸሎት ቤት መተው ከዚህ ለውጥ ጋር መግጠሙ አሳማኝ ነው። አከራካሪው የሁለቱ የብራታሊድ ቤተ ክርስቲያኖች ግንኙነት ነው። አንዱ አስተያየት ትንሿ ስትዘጋ ትልቋ ተተካች ይላል። ሌላው ሁለቱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን የሁለት ቤተሰቦች ቤተ ክርስቲያን ነበሩ ይላል። በድንጋዩ ሕንፃ ሥር ያለው የቀደመ አሻራ ሁለተኛውን ይደግፋል፤ የስካጋፊዮርድ ተሞክሮም እንዲሁ፣ በዚያ ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጸሎት ቤት አቁመው ነበርና። ይህ እውነት ከሆነ ሳጋው አንዲት ሴት ብቻዋን ከአረማዊ ቤት ተነጥላ ያቆመቻት የእምነት ምሽግ አድርጎ የሚስላት ቤት፣ በዘመኗ ከነበሩት ብዙ ተመሳሳይ ቤቶች አንዷ ነበረች። ለእኔ ይህ ታላቅነቷን አይቀንስም፤ ወሬዋን እንጂ።

እንደገና የተሠራችው

በ2000፣ የሌይፍ ጉዞ ሺህኛ ዓመት ሲከበር፣ ከፍርስራሹ አቅራቢያ በሣር-አፈርና በእንጨት አምሳያዋ ተሠርታ የዴንማርክ ንግሥት ማርግሬቴ በተገኙበት ተመረቀች። በ2017 ደግሞ ካሲያርሱክ ኩያታ በሚል ስም በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባው የእርሻ ምድር አንዱ ክፍል ሆነች። አምሳያዋ በጥንቃቄ የተሠራች ናት። ሆኖም ከመሬት የተነበበው ወለልና ግድግዳ ብቻ ሲሆን ጎብኚው የሚያየው ጣሪያ፣ በር፣ መስቀልና የታሸ እንጨት ነው። ሊቃውንቱ «ሊሆን ይችላል» ብለው በወረቀት የሚጽፉትን አናጢ በምስማር ሲመታው «ነበረ» ይሆናል። ስሙም እንዲሁ ተመትቷል፤ የመንገድ ጠቋሚው የጥያቄ ምልክት የለውም።

ክርክሩን ሊያራምድ የሚችለው ማስረጃ አሁንም ያለው በአጽሞቹ ውስጥ ነው። የጥርስ ሽፋን በልጅነት ይሠራና አይለወጥም፤ በውስጡ ያለው የስትሮንቲየም ዓይነት ሰውየው ያደገበትን ድንጋይ ይከተላል። የአይስላንድ ዓለት ወጣት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የግሪንላንድ ግን በምድር ካሉት እጅግ ጥንታዊዎቹ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ልዩነታቸው ሰፊ ነው፣ የባሕር ምግብ ቢያደበዝዘውም። በጅምላ መቃብሩ ውስጥ ካሉት 13 ሰዎች ለዚህ ፈተና ቁልፉ ልጁ ነው። ጎልማሶቹ አይስላንድ ያደጉ፣ እርሱ ግን ግሪንላንድ የተወለደ ሆኖ ቢገኝ፣ ቡድኑ ከሰፈራው የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ነው ማለት ይቻላል፤ አጥንታቸው ከቀደመ ቦታ ተነሣ የሚለው ሐሳብም ክብደት ያገኛል። ሁሉም የግሪንላንድ ተወላጆች ከሆኑ የመዛወሩ ሐሳብ ይዳከማል፤ የጠብና የአደን አደጋ ማብራሪያዎች ወደ ፊት ይመጣሉ። ልጁም ከጎልማሶቹ ጋር አይስላንድ የተወለደ ከሆነ፣ ምናልባት ከአሥራ አራቱ መርከቦች በአንዱ የመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመቃብሩ መጀመሪያ ከሌይፍ በፊት ነው የሚሉት ወገኖች እስከ ዛሬ ያላገኙትን መረጃ በእጃቸው ያስገባሉ።